የማዕዶት አባት የቋጠረው ገመድ

መክብብ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ ግን ስለ አንድ ሰው ሊባል ከሚችለው መልካም ነገር ሁሉ ትንሹ ነው፤ ክፉ አለመሆን ብቻውን ልጅ አያሳድግም። በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ፉሩሴት በተባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በቆመው ሕንፃ፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቱ ከአፀደና ከአንዲት ሴት ልጁ ከማዕዶት ጋር ይኖር ነበር። ኦስሎ ከገባ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ ዐሥሩን ዓመት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በማንሣት፣ በማጠብና በማልበስ አሳልፏል። በቤተ ክርስቲያኑም ቃሉ የሚሰማለት ወንድም ነበረ።

በሥራው ፈጣን ነው ይባል ነበር፤ እርሱም ይህን እንደ ምስጋና ይዞት ኖረ። አንዲት የዘጠና ዓመት ሴት የሹራቧን ቁልፎች ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ሲፈጅባት፣ እርሱ በግማሽ ደቂቃ ቆልፎላት ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። የክፍሉ ኃላፊ አንድ ቀን፣ «ዛሬ አንተ ከቆለፍክላት ነገ ጣቶቿ መቆለፍ ይረሳሉ» ብላ ገሥጻዋለች። ራሱን ነቀነቀ እንጂ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የሌላውን ሥራ ነጥቆ መሥራት ፍቅር ይመስለው ነበር።

በልጁ ላይ ደግሞ ይህ ጠባዩ ባሰ። ማዕዶት ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የጫማዋን ማሰሪያ ያሰረላት እርሱ ነው። ሕፃናቱ በትንሣኤ በዓል ጥቅስ በቃላቸው ሲያቀርቡ፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ቃሉን አንድ በአንድ በከንፈሩ ያሳያት ነበር። ሌሎቹ ልጆች ወደ ጉባኤው ሲያዩ የእርሱ ልጅ የአባቷን አፍ ታያለች።

«ብትሳሳት ምን ይሆናል?» ትለው ነበር አፀደ።

«ሰው ይስቅባታላ።»

«ይሳቅባት። በአንተ ስንት ተሳቀ፤ ሞትክ?»

«በእኔ የተሳቀው ለሁለታችንም ይበቃል» ይላል፤ ክርክሩም በዚህ ያበቃል። የተናገረው ነገር ለጆሮ ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ ሲፈራ የኖረው የልጁን ኀፍረት ሳይሆን የራሱን መሆኑን አንድም ቀን መርምሮ አያውቅም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. መስከረም፣ ማዕዶት አምስተኛ ክፍል እንደገባች፣ ወላጆች ለስብሰባ ተጠሩ። ቶሪል የተባለችው የክፍሉ መምህርት ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ደን ውስጥ፣ ሦስት ረቡዕ እየወጡ፣ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ ድልድይ እንደሚሠሩ አስረዳች። አራት አራት ሆነው ይመደባሉ፤ አጠናና ገመድ ይሰጣቸዋል፤ ሚስማር የለም። ድልድዩ ተሠራ የሚባለው አራቱም መካከሉ ላይ ቆመው፣ ክፍሉ እስከ ሠላሳ እስኪቆጥር ሲይዛቸው ነው።

«አብረውን የሚመጡ ወላጆች አንድ ሥራ ብቻ አላቸው» አለች ቶሪል። «እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ማኖር።»

ወላጆቹ ሳቁ። መክብብ እጁን አወጣ። «ድልድዩ ቢወድቅስ?»

«እንዲወድቅማ እንፈልጋለን። ቢያንስ አንድ ጊዜ። ወድቀው፣ ተጨቃጭቀው፣ ተመካክረው እንደገና እንዲጀምሩ ነው።»

ቤት ሲደርስ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ «ልጅ እንዲወድቅ የሚመኝ አስተማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት አፀደን።

«አንተ ታዲያ ለምን ተመዘገብክ?»

«ኪስ አለኝ» አለ።

ስለ አጠናና ስለ ገመድ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ከተቀመጡት ሁሉ የበለጠ ያውቅ ነበር። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ናዝሬት ውስጥ ለሕንፃ ሠራተኞች የባሕር ዛፍ መወጣጫ እያሰረ ሦስት ዓመት ኖሯል። እርሱ ባሰረው ላይ ሲሚንቶ የተሸከሙ ሰዎች አምስት ፎቅ ወጥተዋል፤ አንድም ቋጠሮ አልከዳውም።

በመጀመሪያው ረቡዕ የእነማዕዶት ድልድይ ወደቀ። ማዕዶት የተመደበችው ከሐምዛ፣ ከኢንግቪልና ኩባ ከሚባል ዝምተኛ የፖላንድ ልጅ ጋር ነበር። ሐምዛ ሁሉንም ያዛል፤ ኢንግቪል ትእዛዙን ሁሉ ትቃወማለች፤ ኩባ የሁለቱንም ሰምቶ የራሱን ይሠራል። ማዕዶት ገመድ ይዛ ወደ አባቷ ታያለች። አባቷም እጁ ኪሱ ውስጥ ሆኖ በቅንድቡ፣ በአገጩ፣ በትከሻው ያመለክታታል። እርሷ ያሰረችው ጫፍ ተፈታና አጠናው ተንሸራተተ፤ ልጅቱም እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገባች።

«የአንቺ ነው የተፈታው» አለች ኢንግቪል።

«እሷ መዋኘት ፈልጋ ነው» አለ ሐምዛ፤ ክፍሉም ሳቀ።

የሳቀ እንጂ እርሷን የጠላ አልነበረም። በዚያ ቀን ከአምስቱ ድልድዮች አራቱ ወድቀዋል። የአንዱ ልጅ አባት፣ ልጁ በደረቱ ጭቃ ውስጥ ሲተኛ እያየ፣ ከፔርሙዙ ቡና እየቀዳ ይስቅ ነበር። መክብብ ግን ከአራቱ ውድቀቶች አንዱን ብቻ ነው ያየው። ጆሮው ጋለ። «ሀበሻዋ ልጅ ጣለችው» የሚል ድምፅ የሰማ መሰለው። ማንም እንዲህ አላለም።

በሁለተኛው ረቡዕ ልጆቹ ነገሩን በተሻለ መንገድ ያዙት። ኩባ አንድ አጠና በማገር መልክ አግድም እንዲገባ አሳየ። ሐምዛ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ኦኬ፣ ያንተ ይሻላል» አለ። ኢንግቪልና ማዕዶት አንዷ ስትይዝ ሌላዋ እየጠፈረች አሰሩ። አስተሳሰሩ ደካማ ነበር፤ የራሳቸው ግን ነበር። የምሳ ሰዓት ደርሶ ከቤት የቋጠሩትን ዳቦ ለመብላት ወደ እሳቱ ዳር ሲወጡ፣ መክብብ ወንዙ ዳር ቀረ።

ቋጠሮዎቹን አያቸው። እንደሚፈቱ ዐወቀ። እጁን ከኪሱ አወጣ።

ስድስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የልጆቹን ቋጠሮ አንድ በአንድ ፈታ፤ ናዝሬት እንደተማረው አድርጎ ገመዱን ዙሪያውን ጠቅልሎ፣ መካከሉን አንቆ፣ ጫፉን ውስጥ ቀበረው። የመጨረሻውን ሲያጠብቅ ቀና ቢል ማዕዶት ከዳገቱ ላይ ቆማ ታየዋለች። የረሳችውን ጓንት ልትወስድ ተመልሳ ነበር። መክብብ አመልካች ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ከስድስቱ ደቂቃዎች ይልቅ ይህች አንዲት ምልክት ትከብዳለች። በቋጠሮው ያታለለ እርሱ ብቻ ነበረ፤ በጣቱ ግን ልጁን የማታለሉ ተካፋይ አደረጋት።

ከምሳ በኋላ አራቱ ልጆች ድልድዩ መካከል ቆሙ። ክፍሉ ሠላሳ ቆጠረ፤ ሐምዛ እየዘለለ ስድሳ አስቆጠረ። ድልድዩ አልነቃነቅም አለ። ቶሪል ጎንበስ ብላ ቋጠሮዎቹን በጣቷ ነካካችና፣ «ይህን ማን አስተማራችሁ?» አለች። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እያንዳንዱ ሌላው ያሰረው መሰለው፤ ከምስጋናውም ድርሻውን ወሰደ። «በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛ ክፍሎች ይመጣሉ» አለች ቶሪል፤ «አስተሳሰሩን እናንተ ታሳዩአቸዋላችሁ።» መክብብ ይህን ሰምቷል። የሰማው ግን እንደ ድል ነው።

እሑድ በጉባኤው፣ በምስክርነት ሰዓት፣ ተነሥቶ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

«ከሁለት ሳምንት በፊት ልጄ በሰው ፊት ውሃ ውስጥ ወድቃ ነበር» አለ። «እኔም አንገቴን ደፋሁ። በዚህ ሳምንት ግን ጌታ አቆማት። የአገሩ ልጆች ድልድይ እየፈረሰ የእርሷ ጸና። ከኋላ አንሥቶ ከፊት አሰለፋት።»

ጉባኤው አሜን አለ፤ እልልታም ነበር። ኢንግቪል፣ ሐምዛና ኩባ የሚባሉ ሦስት ልጆች አብረዋት መሥራታቸውን አልጠቀሰም፤ ከሚናገረው ታሪክ ውስጥ አልገቡለትም ነበርና። ፓስተር አለባቸው፣ «ማዕዶትዬ፣ እስቲ ቁሚና እንይሽ» አለ። ልጅቱ ቆመች። ከአባቷ በስተቀር ሁሉንም አየች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። በመክብብ ቤት ግን እያደር ከበደ። በሦስተኛው ረቡዕ እርሱ ሥራ ላይ ነበረና ወደ ደኑ አልሄደም። አራቱ ልጆች በሃያ ሁለት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ገመድ ይዘው ቆሙ፤ አንዳቸውም ማሰር አልቻሉም። ሐምዛ፣ «ኩባ ነው የሚችለው» አለ። ኩባ እርሱ እንዳልሆነ ተናገረ። ኢንግቪል ማዕዶትን አየቻት፤ ማዕዶት መሬት መሬቱን አየች። ሕፃናቱ መሳቅ ጀመሩ። ሐምዛ ገመዱን ወርውሮ፣ «ከእናንተ ከውሸታሞች ጋር አልሠራም» ብሎ ሄደ። ከአንድ ሳምንት በፊት «ያንተ ይሻላል» ማለት የተማረ ልጅ ነበር።

ሐሙስ ማዕዶት ሆዷን አመማት። አርብም አመማት። አርብ ከቀትር በኋላ ቶሪል ለመክብብ ስልክ ደወለች፤ በአረጋውያኑ መኖሪያ ኮሪደር ላይ ቆሞ ተቀበላት።

«አራቱ ተጣልተዋል» አለችው። «ማዕዶት ከማንም ጋር አትነጋገርም። አንተ በዚያ ቀን እዚያ ነበርክ። የሆነ ነገር አይተሃል?»

«ነይ» አለ መክብብ፤ በኖርዌይኛ «አይ» ማለት ነው። «ምንም አላየሁም።»

ስልኩን ዘጋ። የዐርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ የልጅ አባት፣ ጉባኤ ፊት የሚቆም ሰው፣ የዐሥር ዓመት ልጆች በውሸት ሲካሰሱ መልሱን በኪሱ ይዞ «ነይ» አለ።

እቤት ሲገባ አፀደና ማዕዶት ሶፋው ላይ ነበሩ። አፀደ ሁሉን ሰምታ ጨርሳለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እውነት ነው?» አለችው።

«ለእሷ ብዬ ነው።»

«እኔ አሰርልኝ አላልኩህም» አለች ማዕዶት።

«እንዳትወድቂ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ እናት።»

«ሌሎቹም ወድቀዋል። ኢንግቪል ሁለቴ ወድቃለች። ማንም ምንም አላላትም።» ልጅቱ አለቀሰችም አልተቆጣችምም፤ አንድ ነገር ላልገባው ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ተናገረች። «አሁን ሐምዛ ኩባን ውሸታም ይለዋል። ኩባ ግን አልዋሸም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ቤተ ክርስቲያንም ቆሜ ዋሸሁ።»

«አንቺ ምንም አልተናገርሽም።»

«አዎ፣ እሱ ነው እኮ ውሸቱ።»

በዚያ ቅጽበት መክብብን የተሰማው ንስሐ ነበር ማለት አይቻልም፤ ንስሐ ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ዘግይቶበታል። የተሰማው ራቁቱን በሰው ፊት የቆመ ሰው ስሜት ነው። ለመልበስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያነሣል።

ያገኘውንም አነሣ። ሰኞ ለቶሪል ደውሎ እውነቱን እንደሚናገር ገለጠላት፤ እርሷም አንድ ተጨማሪ ረቡዕ ሰጠች። ረቡዕ ጠዋት የሥራ ሰዓቱን እስከ ቀትር አስፈቅዶ ወንዙ ዳር ተገኘ። አራቱ ልጆች ተራርቀው ቆመዋል። ቶሪል ከኋላቸው ናት። በአውቶቡስ ሲለማመደው የመጣውን ንግግር በኖርዌይኛው ተናገረ፤ በዚያ ቋንቋ ጌጥ አያውቅምና ንግግሩ አጭር ነበር።

«እናንተ ምሳ ስትበሉ እኔ ቋጠሮውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ሕጉን ዐውቀው ነበር። ኩባ አልዋሸም፤ ሐምዛም ኢንግቪልም አልዋሹም። አስተማሪያችሁ ስትጠይቀኝም ምንም አላየሁም ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሙሉ እውነት በተናገረ ነበር። አላቆመም። የልጁን ፊት አየና፣ እጁ ዳግመኛ ገመድ ፈለገ።

«ማዕዶት ይህን አታውቅም ነበር» አለ።

ኢንግቪል ማዕዶትን ቀና ብላ አየቻት፤ ፊቷም ሊፈታ ጀመረ። ልጅቱ ዝም ብትል ኖሮ በዚያች ደቂቃ ከጓደኞቿ ጋር ትታረቅ ነበር፤ አባቷ መንገዱን ጠርጎላታል።

«ነይ» አለች ማዕዶት። «ጓንቴን ልወስድ ስመለስ አይቼዋለሁ። ዐውቅ ነበር።»

መክብብ መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። ተናዝዞ የወጣ መስሎት፣ በኑዛዜው መካከል ሲዋሽ በገዛ ልጁ ተያዘ። ከአራቱ ልጆች አንዱም እርሱን አላየውም፤ በጉዳዩ ውስጥ የነበረው ቦታ አብቅቶ ነበር።

«ለምን አልነገርሽንም?» አለች ኢንግቪል።

«አባቴ ነዋ።»

ሐምዛ አሰበበት። «የኔ አባት ቢሆን ኖሮ ሚስማርም ይመታበት ነበር» አለ። ኩባ ሳቀ፤ ሲስቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ኢንግቪል ግን አልሳቀችም። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽኝ» አለች። ማዕዶት፣ «አዎ» አለች፤ ምክንያት አልጨመረችም። ጥቂት ቆይቶ ኢንግቪል ወደ አጠናዎቹ ክምር አመለከተች። «ያንን ረጅሙን አንቺ ትሸከሚያለሽ። እስከ ታች።»

ማዕዶት ረጅሙን አጠና ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከበዳት፤ ተንገዳገደች። መክብብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመዱን ያወቀው ቶሪል ክንዱን ስትይዘው ነው።

«አሁን ወደ ሥራህ ብትሄድ ጥሩ ነው» አለችው። ክፋት አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀለው ነበር።

ድልድዩን ሳያይ ሄደ። ማታ ሲጠይቃት ማዕዶት፣ «ሁለቴ ወደቀ። በሦስተኛው እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ያዘ» አለች። ሠላሳ አልሞላም። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር አባቷ አይቶት አያውቅም፤ እርሱ ባሰረው ላይ ቆማ ስድሳ ሲቆጠርላት አልነበረም።

የቀረው የጉባኤው ጉዳይ ነበር። ፓስተር አለባቸውን አማከረ። «ወንድሜ፣ ከልጆቹ ጋር ከተስተካከለ በቃ» አለው። «ሰው የተጽናናበትን ነገር ለምን ታፈርሳለህ?» መክብብ ይህን ምክር በደስታ ተቀበለ፤ በደስታ መቀበሉም ሊያስጠረጥረው በተገባ ነበር። ሁለት እሑድ ዝም አለ።

በሁለተኛው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ እትዬ ዋጋዬ የተባሉ አሮጊት ማዕዶትን ጉንጯን ይዘው ለልጅ ልጃቸው ያሳዩአት ነበር። «አየህ፣ ይቺ ናት የድልድይዋ ልጅ። እንደ እሷ ሁን።»

«እኔ አልሠራሁትም፣ እትዬ» አለች ማዕዶት። «አባቴ ነው በድብቅ የሠራው።»

አሮጊቷ እየሳቁ ወደ መክብብ ዞሩ። «ትሕትናዋን አያችሁልኝ? እንዲህ ነው ያሳደግሃት። ጌታ ይባርክህ።»

ልጅቱ አባቷን አየችው። ያቺ ልጅ እውነቱን ተናግራ፣ እውነቷ ለእርሱ ምስጋና ሆኖ ተመዝግቦለታል። መክብብ አፉን ከፈተ፤ «አሜን» አለ። ለምን እንዳለ እስከ ዛሬ አያውቅም። ልጅቱ ጃኬቷን አንሥታ ወደ ውጭ ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ተነሥቶ ተናገረ። ጌታን በነገሩ ውስጥ አላስገባም፤ ቋጠሮውን፣ ጣቱን፣ ለመምህርቷ የመለሰውን፣ በዚሁ ድምፅ ማጉያ የተናገረውን፣ ለእትዬ ዋጋዬ ያለውን «አሜን» በቅደም ተከተል ዘረዘረ። ማንም እልል አላለም። አንድ ሰው ሳለ። ፓስተሩ መዝሙር አስጀመረ። መክብብ ወደ ወንበሩ ሲመለስ አፀደ ቦርሳዋን አንሥታ ቦታ ለቀቀችለት፤ ከዚህ የበለጠ አልተደረገለትም፤ ሊደረግለትም አይገባም ነበር።

በዚያው ሳምንት ማዕዶት ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ክፍሉ በጥር ወር፣ ረቡዕ ቀን፣ በረዶ ቆፍሮ መጠለያ ሊሠራ ነው። ወላጅ ይፈርምበታል፤ ከፊርማው በላይ አብሮ የሚሄደው ሰው ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። ማዕዶት በገዛ ጽሕፈቷ «አፀደ» ብላ ሞልታዋለች።

«እኔም ረቡዕ ሥራ የለኝም» አለ መክብብ።

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ አሁን አትምጣ፣ አባዬ። ምናልባት ሰባተኛ ክፍል ስደርስ።»

እስክሪብቶ አቀበለችው። ፈረመ።